ሳይናገሩ የሄዱ ሠራተኞች

ሠራተኛ ቅሬታውን የሚገልጽበት መንገድ ብዙ ነው። አንዱ ማመልከቻ ይጽፋል። ሌላው በማኅበር ተደራጅቶ ይከራከራል፤ ነገሩ ሲብስበትም አድማ ይመታል። ከሁሉም የሚበዛው ግን ምንም አይልም። አንድ ቀን ጧት ወደ ፋብሪካው ሳይሄድ ይቀራል፤ በማግሥቱም አይመጣም፤ ከሳምንት በኋላ ስሙ ከደመወዝ መዝገብ ይሰረዝና ነገሩ በዚያው ያበቃል። አድማ የመታ ሠራተኛ በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ስፍራ አለው። ሳይናገር የሄደው ግን ታሪክ ጸሐፊ የለውም፤ ያለው ሒሳብ ሠራተኛ ብቻ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የምፈልገው የእነዚህን የተሰረዙ ስሞች ታሪክ ነው። ዛሬ የአስተዳደር ባለሙያዎች «የሠራተኛ ፍልሰት» የሚሉት ነገር በቁጥር መጠናት ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የቆጠራ ታሪክ ደረቅ የሒሳብ ወሬ ሊመስል ይችላል። ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለው ጥያቄ ግን ደረቅ አይደለም። ሰው ሥራውን ጥሎ ሲሄድ ጉድለቱ የማን ነው? የሰውዬው ጠባይ ነው ወይስ የሥራው? ይህ ጥያቄ እኛም አገር የኢንዱስትሪ ፓርኮች ከተከፈቱ ወዲህ ደጋግሞ ተነሥቷል። መልሱንም ብዙዎቻችን ሳንመረምር ሰጥተናል፤ «ወጣቶቹ የሥራ ባህል የላቸውም» ብለን። ይህ ፍርድ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ለማየት ጥያቄው መጀመሪያ ወደ ተጠየቀበት አገርና ዘመን መለስ ማለት ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዲትሮይት፣ 1913

በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ከዲትሮይት ከተማ አጠገብ ሃይላንድ ፓርክ በሚባል ስፍራ፣ ሄንሪ ፎርድ በ1910 አንድ ትልቅ የመኪና ፋብሪካ ከፈተ። የሚሠራው አንድ ዓይነት መኪና ነበር፤ ሞዴል ቲ። መኪናው ከመወደዱ የተነሣ ገዢው በዛ፤ ፎርድና መሐንዲሶቹም እንዴት በፍጥነት እናምርት የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ነሣቸው።

መፍትሔውን ያገኙት በ1913 ነው። ለሞተሩ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን ማግኔቶ የተባለ ክፍል ቀደም ሲል አንድ ሠራተኛ ብቻውን ተቀምጦ ሲገጣጥም 20 ደቂቃ ያህል ይፈጅበት ነበር። በሚያዝያ ወር ሥራውን ለ29 ሰዎች ከፋፈሉት። እያንዳንዱ ሰው አንዲት ነገር ብቻ ሠርቶ ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። በዚህ ዘዴ ለአንድ ማግኔቶ የሚወጣው የሰው ጉልበት ወደ 13 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ ወረደ፤ ቆይቶም 5 ደቂቃ ደረሰ። ያው ዘዴ ወደ መኪናው ቻሲስ ተዛወረ። ቀድሞ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅ የነበረው የቻሲስ ግጣጥሞሽ በ1914 ጸደይ 93 ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሰው ወደ ሥራው አይሄድም፤ ሥራው በሰንሰለት እየተጎተተ ወደ ሰው ይመጣል።

ይህን የፈጠራ ታሪክ ሁሉም ያወራዋል። በዚያው ዓመት በዚያው ፋብሪካ በር ላይ የሆነው ግን ብዙ አይወራም። ፎርድ በ1913 በአማካይ 13,623 ሠራተኞች ነበሩት። ይህን ያህል ሰው በሥራ ላይ ይዞ ለመቆየት በዓመቱ ውስጥ 50,448 ሰው መቀያየር ግድ ሆነበት። ሁለተኛውን ቁጥር ለመጀመሪያው አካፍለው በመቶ ሲያበዙት 370 ይመጣል። የሠራተኛ ፍልሰቱ 370 በመቶ ነበር ማለት ነው። በሌላ አነጋገር እያንዳንዱ የሥራ ቦታ በአማካይ በዓመት ከሦስት ጊዜ በላይ ባለቤት ለውጧል። በዓመቱ መጨረሻ ገደማ ደግሞ ፋብሪካው 100 ሰው መጨመር ሲፈልግ 963 ሰው መቅጠር ይኖርበት እንደነበር ተጽፏል።

የአንድ ወር መዝገብ ብቻ ገልጠን ብናይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጥልናል። በ1913 መጋቢት ወር ወደ 7,300 ሰዎች ከፋብሪካው ወጡ። ከእነዚህ ውስጥ የተባረሩት 18 በመቶ ያህል ናቸው። በሥርዓቱ መልቀቂያ ጠይቀው የሄዱት 11 በመቶ ብቻ ናቸው። የቀሩት 71 በመቶ «የአምስት ቀን ሰዎች» የሚል ስም ወጥቶላቸው ነበር። አምስት ቀን በተከታታይ ያለ ምክንያት ስለቀሩ «ለቀዋል» ተብለው የተሰረዙ ናቸው። ከአሥሩ ሰባቱ አንዲት ቃል እንኳ ሳይተነፍሱ ሄዱ ማለት ነው።

ለምን ሄዱ? የፋብሪካው ሰዎች በእጃቸው ያለው መልስ ቀላል ነበር። በ1914 በተደረገ ቆጠራ ከፎርድ ሠራተኞች 71 በመቶው ከአሜሪካ ውጭ የተወለዱ ሆነው ተገኝተዋል፤ ሃያ ሁለት ዓይነት ብሔረሰብ ነበሩ። ፖላንዳዊ፣ ሩሲያዊ፣ ሮማኒያዊ፣ ጣሊያናዊ፣ ግሪካዊ አለ። ብዙዎቹ ገበሬ የነበሩ ናቸው። እንግዲህ «ሰዓት አያከብሩም፣ ዲሲፕሊን አያውቁም፣ የኢንዱስትሪ ጠባይ የላቸውም» ለማለት ምቹ ነበሩ።

በዚህ ረገድ የኢትዮጵያን አንባቢ በተለይ የሚነካ አንድ ነገር አለ። በ1914 ጥር ወር ኩባንያው ከስምንት እስከ ዘጠኝ መቶ የሚሆኑ የግሪክና የሩሲያ ተወላጆችን በአንድ ጊዜ አባረረ። ጥፋታቸው በበዓል ቀን ከሥራ መቅረታቸው ነው። በዓሉ ገና ነበር፤ በጥንቱ የዩልዮስ አቆጣጠር ከአሜሪካኖቹ ገና በ13 ቀን ዘግይቶ የሚውለው፣ እኛም የምናከብርበት ቀን። የኩባንያው ሰዎች አሜሪካ ውስጥ ለመኖር የመጣ ሰው የአሜሪካን በዓል ያክብር አሉ። ልብ በሉ፤ በመዝገቡ ላይ እነዚህ ሰዎች የተመዘገቡት «ከሥራ ቀሩ» ተብለው ነው። ቁጥሩ ገና መሆኑን አይናገርም።

የመጀመሪያው ቆጣሪ

ለመሆኑ የሚወጣን ሠራተኛ መቁጠር ለማን ትዝ አለው? ከ1910 በፊት በነበረው ጊዜ አብዛኛው የአሜሪካ ፋብሪካ የሚቀጥረውም የሚያባርረውም ካቦው ነበር። ጧት በር ላይ ከሚኮለኮለው ሰው መካከል በጣቱ ይመርጣል፤ ማታ የጠላውን ያሰናብታል። ለባለቤቱ ሰው እንደ ውኃ ነበር፤ ቢፈስም ሌላ ይቀዳል። ስለዚህ የሚቆጥረው አልነበረም።

ይህን ካነቁት ሰዎች አንዱ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ማግነስ አሌግዛንደር ነው። አሌግዛንደር የ12 ፋብሪካዎችን የ1912 መዝገብ ሰብስቦ መረመረ። በዓመቱ መጀመሪያ በእነዚህ ፋብሪካዎች 37,274 ሰዎች ነበሩ፤ በመጨረሻው 43,971። የጨመረው ሰው 6,697 ነው። ታዲያ ስንት ሰው ተቀጥሮ ነው ይህ ጭማሪ የተገኘው? 42,571። በመካከሉ 35,874 ሰዎች ወጥተዋል ማለት ነው።

አሌግዛንደር በዚህ አልቆመም። የሚሞት አለ፣ የሚታመም አለ፣ አገር የሚቀይር አለ፤ ይህ በማንም ፋብሪካ የሚደርስ ነው። ይህንና ይህን የመሰለውን ሁሉ ቀንሶ፣ ከተቀጠሩት ውስጥ 22,031 የሚሆኑት ነገሩ በወጉ ቢያዝ ኖሮ መቀጠር የማያስፈልጋቸው ነበሩ አለ። ለእያንዳንዱ አዲስ ሰው ደግሞ ወጪ አለ። የሚያስለምደው ሰው ጊዜ፣ የሚያበላሸው ዕቃ፣ የሚሰብረው መሣሪያ፣ እስኪለምድ ድረስ የሚጎድለው ምርት አለ። ይህን ሁሉ በዶላር ተመነው።

ባለ ፋብሪካዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሯቸውን የሰጡት ያን ጊዜ ነው። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው የመጀመሪያ ትምህርት ይኸው ነው። የሠራተኛው ችግር ከጥንት ጀምሮ ነበረ፤ ጥናት የሆነው ግን በአሠሪው ኪስ ተተርጉሞ ሲቀርብ ነው። ቆጠራው ለሠራተኛው ታዝኖ አልተጀመረም። ይሁን እንጂ ቁጥር አንዴ ከተጻፈ በኋላ የጻፈው ሰው ያላሰበውንም ይናገራል።

አምስት ዶላር

ጥር 5 ቀን 1914 ፎርድ ዓለምን ያስደነገጠ ማስታወቂያ አወጣ። የቀን ደመወዝ 2 ዶላር ከ34 ሳንቲም የነበረው 5 ዶላር ይሆናል፤ የሥራውም ሰዓት ከ9 ወደ 8 ይወርዳል። ወሬው በተሰማ ማግሥት በፋብሪካው በር ላይ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ሥራ ፈላጊ ጎረፈ። ከሳምንት በኋላ በዚያ በሚያንዘፈዝፍ ብርድ የተሰበሰበውን ሕዝብ በእሳት አደጋ ቱቦ ውኃ እየረጩ በተኑት።

በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንደሚባለው፣ አምስቱ ዶላር ሙሉ በሙሉ ደመወዝ አልነበረም። ግማሹ ያህል የተለመደው ክፍያ ሲሆን የቀረው «የትርፍ ድርሻ» የተባለ ነው። ይህን ድርሻ ለማግኘት ስድስት ወር ማገልገል ያስፈልጋል። ያም ብቻ አይደለም። ኩባንያው የማኅበራዊ ጉዳይ ክፍል አቋቁሞ መርማሪዎችን በየሠራተኛው ቤት ላከ። ሰውዬው ከሚስቱ ጋር በሰላም ይኖራል? ይጠጣል? ይቆጥባል? ቤቱ ንጹሕ ነው? ደባል አስገብቷል? መልሱ ካላማራቸው ድርሻው ይያዝበታል። ሴቶች እስከ 1916 ድረስ ከድርሻው ውጭ ነበሩ። እንግሊዝኛ የማይችሉትም በኩባንያው ትምህርት ቤት ቋንቋና «አሜሪካዊ ኑሮ» እንዲማሩ ተደረገ።

ውጤቱስ? በ1913 370 በመቶ የነበረው ፍልሰት በ1914 ወደ 54 በመቶ ወረደ፤ በ1915 ወደ 16 በመቶ። ትናንት «ዲሲፕሊን የላቸውም» የተባሉት ፖላንዳውያንና ሩሲያውያን ዛሬ ከበሩ አልነቃነቅ አሉ። ጠባያቸው በሁለት ዓመት ተለወጠ? አይመስለኝም። ሰውዬው ያው ሰውዬ ነው፤ የተለወጠው የሥራው ዋጋ ነው።

ታዲያ ያስቀራቸው ምንድን ነው?

እዚህ ላይ ቸኩሎ «ደመወዝ ጨምር፣ ሰው አይሄድብህም» ብሎ መዝጋት ይቻላል። ስታቲስቲክስ የተባለው ዕውቀት ጥቅሙ ግን ከእንዲህ ዓይነቱ ችኮላ ማዳኑ ነው። በፎርድ ፋብሪካ በአንድ ጊዜ የተለወጠው ነገር አንድ ብቻ አልነበረምና።

አንደኛ፣ ከአምስቱ ዶላር ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ በ1913 ጥቅምት፣ ጆን ሊ የተባለው የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ የተዝረከረከውን የደመወዝ እርከን ወደ 8 አሰባስቦት ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ካቦዎች በገዛ ፈቃዳቸው ሰው የማባረር ሥልጣናቸውን ተነጠቁ። ሁለተኛ፣ የሥራው ቀን በአንድ ሰዓት አጠረ። ሦስተኛ፣ ደመወዙ ከእጥፍ በላይ ሆነ። አራተኛ፣ ሙሉውን ለማግኘት ስድስት ወር መታገሥ ስለሚያስፈልግ ቶሎ የሚሄድ ሰው የሚጎዳ ሆነ። አምስተኛ፣ የአሜሪካ ኢኮኖሚ ከ1913 መጀመሪያ እስከ 1914 መጨረሻ ድረስ ተቀዛቅዞ ነበር፤ ሌላ ቦታ ሥራ በጠፋበት ዘመን ሠራተኛ ያለበትን አጥብቆ ይይዛል።

ከእነዚህ ከአምስቱ የትኛው ነው ያስቀራቸው? አንድ ፋብሪካ፣ አንድ «በፊት» እና አንድ «በኋላ» ብቻ ይዞ ይህን መለየት አይቻልም። ገበሬ ማዳበሪያ በጨመረበት ዓመት ዝናቡም ጥሩ ከሆነ ምርቱ የማን ነው? ይህ ነው ችግሩ። አንዳንድ ፍንጭ ግን አለ። በ1915 ኢኮኖሚው እያገገመ ሳለ ፍልሰቱ ይበልጥ መውረዱ የሥራ እጦት ብቻውን ምክንያት እንዳልነበረ ያሳያል። ዳንኤል ራፍና ሎረንስ ሰመርስ የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ሊቃውንት በ1987 ባወጡት ጥናት ይህንኑ መዝገብ እንደገና መርምረው፣ ፎርድ የከፈለው ከገበያው ዋጋ በላይ እንደነበርና ምርታማነቱም ትርፉም እንዳልተጎዳ አስረድተዋል። በሌላ በኩል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ኑሮ በመወደዱ በ1919 አምስቱ ዶላር የሚገዛው በ1914 ከ3 ዶላር በታች ይገዛ የነበረውን ያህል ብቻ ሆነ። ኩባንያውም በዚያው ዓመት ደመወዙን ወደ 6 ዶላር ከፍ ለማድረግ ተገደደ። ሠራተኛው የሚቆጥረው ገንዘቡን ሳይሆን እንጀራውን ነው።

ከሞት ሒሳብ የተገኘ መሣሪያ

አሁን ወደ ቁጥሩ ወደ ራሱ እንመለስ። «ፍልሰት 100 በመቶ» ሲባል ምን ማለት ነው? እንበልና እያንዳንዳቸው 100 ሠራተኛ ያላቸው ሁለት ፋብሪካዎች አሉ። በአንደኛው መቶውም ሰው በዓመቱ ውስጥ አንድ አንድ ጊዜ ተቀይሯል። በሁለተኛው 90ው ዓመቱን ሙሉ ሳይነቃነቁ ተቀምጠዋል፤ አሥሩ የሥራ ቦታዎች ግን እያንዳንዳቸው አሥር ጊዜ ሰው ቀያይረዋል። በሁለቱም የወጣው ሰው መቶ ነው፤ በሁለቱም ፍልሰቱ 100 በመቶ ነው። በሽታው ግን አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ፋብሪካ ሁለንተናው ታሟል። የሁለተኛው በሽታ ያለው አንድ ጥግ ላይ ነው፤ ምናልባት አንድ ክፉ ካቦ፣ ምናልባት አንድ የሚያፍን ክፍል።

ይህን የተረዳው ሰምነር ስሊክተር የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ምሁር ነው። በ1919 ስለ ፋብሪካ ሠራተኞች ፍልሰት ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ከሚሄዱት አብዛኞቹ በቅርቡ የተቀጠሩት እንደሆኑ አሳየ። ጥያቄውም ከ«ስንት ሰው ሄደ?» ወደ «መቼ ሄደ?» ተሸጋገረ።

ለ«መቼ» ጥያቄ ደግሞ መሣሪያው ከጥንት ተዘጋጅቶ ነበር። በ1662 ጆን ግራውንት የለንደንን የሟቾች መዝገብ መርምሮ ስንት ሰው በስንት ዓመቱ እንደሚሞት ለማስላት ሞከረ። በ1693 ደግሞ በስሙ በሚጠራው ባለ ጭራ ኮከብ የምናውቀው ኤድመንድ ሃሌይ ብሬስላው ለተባለች ከተማ የዕድሜ ሠንጠረዥ አወጣ። ፋብሪካም እንደ ከተማ ሊታይ ይችላል። መቀጠር ልደት ነው፣ መውጣት ሞት ነው። በአንድ ቀን የተቀጠሩ መቶ ሰዎችን እንደ አንድ ትውልድ ይዞ፣ ከወር በኋላ ስንቱ አለ፣ ከስድስት ወር በኋላ ስንቱ አለ እያሉ መከታተል ነው።

በዚህ መንገድ አንድ ችግር ነበር። ጥናቱ ሲያበቃ ገና በሥራ ላይ ያለውን ሰው ምን ብለን እንመዝግበው? ሄደ እንዳንል አልሄደም፤ ይቀራል እንዳንል ነገ ሊሄድ ይችላል። በ1958 ኤድዋርድ ካፕላንና ፖል ማየር ለዚህ ዘዴ አበጁ። በ1972 ደግሞ እንግሊዛዊው ዴቪድ ኮክስ ዕድሜ፣ ደመወዝ፣ ርቀትና የመሳሰለው እያንዳንዱ ምክንያት የመሄድን ዕድል በምን ያህል እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ ለይቶ የሚያሰላ ስሌት አቀረበ። ዘዴዎቹ ዛሬ በይበልጥ የሚታወቁት በሕክምና ጥናት ነው፤ የሠራተኛ ፍልሰት አጥኚዎችም ተቀብለው ሲሠሩባቸው ቆይተዋል።

በመካከሉ የለንደኑ ታቪስቶክ ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች ግላሲየር በተባለ የብረታ ብረት ኩባንያ ያደረጉትን ጥናት በ1950 አሳተሙ። ሠራተኛ ከድርጅት ጋር የሚኖረውን ግንኙነት በሦስት ዘመን ከፈሉት። መጀመሪያ የመግቢያ ቀውስ አለ፤ አዲሱ ሰው ከሥራው ጋር የሚፋጭበት፣ ብዙው የሚሄድበት ጊዜ ነው። ቀጥሎ የመለማመጃ ዘመን ይመጣል። ከሁለቱ የተረፈው ይረጋል፤ ከረጋም በቀላሉ አይነቀልም። አዲስ ሙሽራ በገባችበት ቤት የሚያጋጥማትን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልገውም።

ጄምስ ማርችና ኸርበርት ሳይመን ደግሞ በ1958 ነገሩን ወደ ሁለት ጥያቄዎች ጠቀለሉት። መሄድ ይፈለጋል ወይ? መሄድስ ይቻላል ወይ? ሰው የሚሄደው ሁለቱም ሲገጥሙ ነው። ስለዚህ ፍልሰት ዝቅተኛ መሆኑ ሁልጊዜ የደስታ ምልክት አይደለም፤ መሄጃ የማጣት ምልክትም ሊሆን ይችላል። በ2000 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ጨምቀው የመረመሩ ተመራማሪዎች ደመወዝ ብቻውን ከሚገመተው ያነሰ ክብደት እንዳለው፣ ከሁሉ የሚበልጠው ጠቋሚ ሠራተኛው ራሱ «ልሄድ አስቤያለሁ» ማለቱ እንደሆነ ደርሰውበታል። ሃምሳ ዓመት ተሰልቶ የተገኘው ምክር እንግዲህ ይህ ነው፤ ሰውዬውን ጠይቁት።

ወደ እኛ ስንመለስ

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሐምሌ ወር ተመረቀ። ከሲዳማና ከአካባቢው ገጠር የመጡ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ለውጭ ገበያ ልብስ መስፋት ጀመሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ባወጡት ዘገባ በመጀመሪያው ዓመት የፓርኩ ፍልሰት በአማካይ 100 በመቶ ገደማ እንደነበር ገለጹ። የመነሻ ደመወዙም በወር 26 ዶላር ነበር፤ በጊዜው ምንዛሪ ወደ 750 ብር። በዓለም ላይ ካሉ የልብስ ፋብሪካዎች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን ዘገባው ጽፏል። ልጆቹ በከተማው አንዲት ጠባብ ክፍል ለብዙ ሆነው ተከራይተው ይኖሩ ነበር።

የፋብሪካ ኃላፊዎች ቅሬታ ምን ነበር? ሰዓት አያከብሩም፣ ይቀራሉ፣ ዲሲፕሊን የላቸውም። ከዲትሮይት እስከ ሐዋሳ ከመቶ ዓመት በላይ ልዩነት አለ፤ ንግግሩ ግን አልተለወጠም።

እንደ ዕድል ሆኖ በአገራችን ስለዚህ ጉዳይ ከፎርድ መዝገብ የተሻለ ማስረጃ አለ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ሁለት ምሁራን ከአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ጋር ተስማምተው አንድ ሙከራ አካሄዱ፤ ውጤቱን በ2018 አሳተሙ። ለሥራ ካመለከቱት ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን በፋብሪካው ወይም በእርሻው ተቀጠረ። ሁለተኛው 300 ዶላርና የንግድ ሥልጠና ተሰጠው። ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። ዕጣው እዚህ ላይ ትልቅ ቁም ነገር ነው። በሦስቱ ቡድኖች መካከል የጠባይ፣ የትምህርት ወይም የ«ባህል» ልዩነት አለ ብሎ መከራከር አይቻልም፤ ሁሉም ያው አመልካቾች ናቸው። ለፎርድ ታሪክ የጎደለው ማነጻጸሪያ ይኸው ነበር።

ከተቀጠሩት ውስጥ ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር ሄዱ፤ ዓመት ሳይሞላ 77 በመቶው ሥራውን ለቀዋል። የታቪስቶክ ሰዎች «የመግቢያ ቀውስ» ያሉት ይህ ነው። ለምን እንደሄዱ ሲጠና ግን ስንፍና አልተገኘም። በፋብሪካ የተቀጠሩት ምንም ካልተሰጣቸው ይልቅ ብዙ ሰዓት ቢሠሩም የሰዓቱ ክፍያ ዝቅተኛ ስለነበር ገቢያቸው ይህ ነው የሚባል ብልጫ አልነበረውም። ሥራውን አስቸጋሪና አደገኛ ሆኖ አገኙት። በፋብሪካ ሥራ ላይ ለሚቆዩበት ለእያንዳንዱ ወር ከባድ የጤና ችግር የመድረሱ ዕድል በአንድ በመቶ ነጥብ ያህል ይጨምር ነበር። 300 ዶላሩንና ሥልጠናውን ያገኙት ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው በ33 በመቶ ከፍ አለ። ይህ ብልጫ ከአምስት ዓመት በኋላ እየደበዘዘ መሄዱን እነዚሁ አጥኚዎች በተከታዩ ጥናት አሳይተዋል፤ ስለዚህ ንግድ የሁሉ መድኃኒት ነው አልልም። የምለው ይህን ነው። የሄዱት ሰዎች ማስላት ያቃታቸው አልነበሩም። የቤት ኪራይን፣ የትራንስፖርትን፣ የጤናን ዋጋ በአእምሯቸው ደምረው፣ ከደመወዙ ቀንሰው፣ የቀረውን አይተው የሄዱ ናቸው። ሒሳቡን ከአሠሪዎቻቸው ቀድመው የሠሩት እነርሱ ናቸው።

ሁለተኛ ነገር ልጨምር። በ2022 ጥር ኢትዮጵያ ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ስትታገድ በፓርኩ ብዙ ሰው ከሥራ ወጣ። በመዝገብ ላይ ይህም «መውጣት» ነው። በገዛ ፈቃዷ የሄደችውን ልጅና ሥራዋ ከእግሯ ሥር የጠፋባትን ልጅ በአንድ ዓምድ መደመር የዲትሮይትን የገና በዓል «ቀሩ» ብሎ እንደ መመዝገብ ነው። እንዲህ ያለው ዘመን ካለፈ በኋላ የሚቀሩት ሠራተኞች ባይሄዱ ደግሞ ማርችና ሳይመን እንዳስጠነቀቁት መሄጃ አጥተው ሊሆን ይችላልና «ባህላቸው ተሻሻለ» ብሎ ለመፍረድ አያበቃም።

የሥራ ባህል የሚባል ነገር የለም እያልኩ አይደለም። ሰው ሥራን እየለመደ ይሄዳል፤ ልማድም ጊዜ ይፈልጋል። ነገር ግን ባህል የመጨረሻ መልስ መሆን ያለበት፣ ሌላው ሁሉ ተቆጥሮ ካለቀ በኋላ ነው። በስንተኛው ሳምንት ሄዱ? ከየትኛው ክፍል ሄዱ? በየትኛው ካቦ ሥር ነበሩ? ኪራይና ምግብ ከደመወዛቸው ስንቱን ወሰደ? ከሄዱ በኋላስ የት ገቡ? ይህን ለማወቅ ዛሬ ትልቅ ኮምፒዩተር አያስፈልግም፤ አንድ ደህና መዝገብና ለመጠየቅ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ይበቃል። ይህን ሳያደርጉ «ባህል የላቸውም» ማለት ሳይመረምሩ መድኃኒት እንደ ማዘዝ ነው።

ሄንሪ ፎርድ ደግ ሰው ስለነበር አይደለም አምስት ዶላር የከፈለው። በሠራተኞቹ ቤት መርማሪ የላከ፣ ገናን ያከበሩትን ያባረረ ሰው ነው። ነገር ግን በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች አንዲት ቃል ሳይጽፉ፣ አንድ ስብሰባ ሳይጠሩ፣ እየሄዱ ብቻ ደመወዛቸውን ከእጥፍ በላይ አስደረጉት። ያተረፉት ግን እነርሱ ሳይሆኑ ከእነርሱ በኋላ በሩ ላይ የተሰለፉት ናቸው። ሐዋሳ ላይ ስማቸው የተሰረዘ ልጆችም የተናገሩት ነገር አለ። እስካሁን ያልተጻፈው የእኛ መልስ ነው።